ቅጽ ቁጥር 287

ፈትለወርቅ ይርዳው በመካነ ኢየሱስ ከተማ ዳር ባለ አንድ አነስተኛ የግል የጤና ኮሌጅ አሥራ ስድስት ዓመት ቤተ መጻሕፍት ስትሠራ፣ በስሟ የሚጠራት ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። መምህራኑ «ቁልፍ ያዧ» ይሏታል። ተማሪዎቹ ምንም አይሏትም፤ መታወቂያቸውን ጠረጴዛዋ ላይ ጣል አድርገው እጃቸውን ይዘረጋሉ። አንድ ቀን የኮሌጁ ዲን እንግዶች ይዞ መጥቶ መደርደሪያውን፣ ወንበሮቹን፣ አዲስ የተገጠመውን መስኮት ሳይቀር ሲያስጎበኝ ቆየና፣ እሷ እዚያው ቆማ ሳለች መብራቱን አጥፍቶ ወጣ።

የተወለደችው ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ከተማ ሦስት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ጎጥ ነው። አግብታ ነበር፤ ልጅ አልወለደችምና ባሏ በአራተኛው ዓመት ጥሏት ሄደ። ታላቅ እህቷ አልጣሽ ይህን ስታይ ልጇን የሺን «ከኔ ጋር ከምትደክም ካንቺ ጋር ትማር» ብላ ላከችላት። የሺ ከሰባተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል አክስቷ ቤት ተቀምጣ ተማረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የሰው አካል የተሳለበትን ትልቅ መጽሐፍ እየገለጠች ትስቅ ነበር። ከአሥረኛ በኋላ አገሯ ተመለሰችና አገባች። በሃያ ሦስት ዓመቷ፣ በሐምሌ፣ የመጀመሪያ ልጇን ቤቷ ወለደች። ደሙ አልቆም አለ። በቃሬዛ ተሸክመዋት ወጡ፤ ወንዙ ሞልቶ ስለ ነበር ይጎድላል ብለው ዳር ላይ አስቀምጠው ሲጠብቁ እዚያው ሞተች። ልጁም ሳምንት አልቆየም።

ፈትለወርቅ ቀብሩ ላይ አልደረሰችም። የሰልስቱ ዕለት ነው የገባችው። የአምስት ቀን ፈቃዷን የፈረመላት የኮሌጁ የምርምር ኃላፊ አቶ ደሳለኝ ነበር፤ «ነፍስ ይማር» ብሏታል።

በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ ዲኑ ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰበ። ኮሌጁ ምርምር ስለ ጀመረ አንድ የተመሰከረለት የምርምር መረጃ ባለሙያ እንዲኖረው ተጠይቋል አለ። ሥራው ምን እንደ ሆነም አስረዳ፤ ተመራማሪዎች ከታማሚ፣ ከወላድ፣ ቤት ለቤት ዞረው የሰበሰቡት መልስ እንዳይጠፋና እንዳይዛባ መጠበቅ፣ የሰዎቹን ስም ማውጣት፣ ሌላ ተመራማሪ ነገ ሲያነበው እንዲገባው አድርጎ ማኖር ነው። ሰርተፍኬቱን አንድ የጤና ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማኅበር በኢንተርኔት አስተምሮ፣ ፈትኖ ይሰጣል።

«ማን ይማራል?» አለ ዲኑ።

ፈትለወርቅ እጇን አነሣች።

ስማቸው የሚባለው የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ከኋላ ሆኖ፣ «እትዬ፣ ይሄ እኮ አቧራ ማራገፍ አይደለም» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ዲኑም ሳቀና ስሟን መዘገበ፤ ሌላ የሚመዘግበው ሰው አልነበረውም።

ትምህርቱ በስድስት ወር ያልቃል የተባለው ዓመት ከመንፈቅ ፈጀባት። የከተማው ኢንተርኔት ተቋርጦ በከረመበት ጊዜ ደብረ ታቦር ድረስ በአውቶቡስ እየሄደች ነበር ትምህርቱን የምታወርደው፤ እዚያም የማይኖርበት ቀን ብዙ ነው። መንገዱ በተኩስ ሲዘጋ ከግማሽ ትመለሳለች። ሦስተኛውን ፈተና ስትፈተን አርባ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ መብራት ጠፋ፤ ማኅበሩ አቋርጣ ወጥታለች ብሎ ዜሮ ሰጣት፤ እንደገና ለመቀመጥ አራት ወር ጠበቀች። እንግሊዝኛው ሲከብዳት ቃል በቃል እየፈታች በደብተር ጻፈች። በደቃቅ አማርኛ የተሞሉ ስድስት ደብተሮች ሆኑ። ስማቸው አልፎ አልፎ ብቅ ብሎ «ደግሞ ዛሬ ምን ተማርሽ?» ይላታል፤ በፌዝ ነው፤ እሷ ግን ከልቧ ታስረዳዋለች።

የቀራት የማጠቃለያ ሥራ ብቻ ሆነ። አንድ እውነተኛ የምርምር መረጃ ከጥሬ ወረቀቱ ጀምራ ማዘጋጀት፣ ከዚያም ከተቋሙ የምርምር ኃላፊ «በትክክል ሠርታለች» የሚል ደብዳቤ ማያያዝ አለባት። አቶ ደሳለኝ የራሱን ጥናት ሰጣት። በእስቴ፣ በታች ጋይንትና በስማዳ ቤታቸው የወለዱ አራት መቶ አሥራ ሁለት እናቶች በወለዱ በስድስተኛው ሳምንት ምን ላይ እንደ ነበሩ የሚጠይቅ ጥናት ነው። ወረቀቱ በሦስት የማዳበሪያ ጆንያ ታስሮ መጣላት።

«ይሄ ሲያልቅ አንቺም ሰርተፍኬትሽን፣ እኔም ጽሑፌን» አላት። «ስሞቹን አጥፊ፣ ኮምፒውተር ላይ አስገቢ፣ አበቃ።»

ሥራውን ወደደችው። የታች ጋይንቱ ቅጽ ጭቃ የነካው፣ ዝናብ ያገኘው፣ ስርዝ ድልዝ የበዛበት ነው፤ አንዱ ላይ «ባልየው ውሻ ለቀቀብኝ፣ ነገ እመለሳለሁ» የሚል አለ። የስማዳው ጆንያ ሲከፈት ግን ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ከአንድ ቀበሌ የመጡት ስልሳ አንዱም ቅጾች በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ በሦስት ተከታታይ ቀናት የተሞሉ ናቸው። ቀበሌው የእሷ ቀበሌ ነው። ቀኑ ነሐሴ ሃያ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት ይላል። በነሐሴ ያን ወንዝ ማን እንደሚሻገረው ታውቃለች፤ ማንም አይሻገረውም።

እንዲህ እያለች ቅጽ ቁጥር ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት ላይ ደረሰች። ስም፣ የሺ። የባል ስም፣ ጎጥ፣ ዕድሜ ሃያ ሦስት፣ የመጀመሪያ ወሊድ። ሁሉም ልክ ነው። ከታች፣ «እናት፦ ደህና። ሕፃን፦ ደህና። ጡት ትጠባለች» ይላል። ሕፃኑ ወንድ ነበር።

ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችው። ከዚያ መልሳ ገለበጠችው። የስማዳውን ቅጽ ሊያስሞላ የተላከው ስማቸው እንደ ነበረ ከጆንያው ላይ የተሰፋው ወረቀት ይናገራል።

ስማቸውን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ብቻውን አግኝታ ጠየቀችው። አልካደም።

«ወገዳ ደርሻለሁ» አለ። «ከዚያ ወዲያ ወንዙ ሞልቷል፣ ተኩስ አለ። ሬሳዬ እንዲመጣ ነበር የፈለግሽው? ጤና ኬላ ያሉትን ልጆች የነፍሰ ጡሮቹን ዝርዝር አስልኬ ሆቴል ተቀምጬ ሞላሁት።»

«ደህና ናት ብለህ የጻፍከውን ከየት አመጣኸው?»

«ገመትኩ። መቼም የምትወልድ ሴት አብዛኛዋ ትተርፋለች።»

«ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት የእህቴ ልጅ ናት። ሞታለች።»

«አላወቅኩም» አለ። «ስልሳ አንዱን ሁሉ አላውቃቸውም እኮ።»

ወደ አቶ ደሳለኝ ሄደች። ቢሮው ውስጥ ቆማ ሁሉንም ነገረችው። ወንበር አልሰጣትም፤ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገራት፤ ጨዋ ሰው ነው።

«ፈትልዬ፣ ለነፍሷ ዕረፍት ይስጣት። ግን አስቢው። ከአራት መቶ አሥራ ሁለት ስልሳ አንድ ብናወጣ ጥናቱ ይወድቃል። ደግሞስ ስሙን የምታጠፊው አንቺ ራስሽ አይደለሽም? ስሙ ከጠፋ በኋላ የሺ የምትባል ሴት እዚያ የለችም። ቁጥር ናት። ቁጥር አይሞትም፣ አይድንም።»

«እርስዎ ፈቃዴን የፈረሙልኝ እኮ ለሷ ለቅሶ ነው።»

«ብዙ ፈቃድ እፈርማለሁ» አለ። «ደብዳቤሽን ዓርብ መጥተሽ ውሰጂ። ሥራውን ጨርሰሽ።»

እዚህ ላይ ስለ ፈትለወርቅ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ተመልሳ ሄዳ ሥራዋን ቀጠለች። ዓርብም አለፈ፤ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ለማንም ሳትናገር ሠራች። ዓመት ከመንፈቅ የተንከራተተችበት ነገር ነበር፤ ሰርተፍኬቱን ይዛ ያ ዲን ባለበት አዳራሽ ስትቆም በዓይነ ኅሊናዋ ብዙ ጊዜ አይታዋለች። ስሞቹን አንድ በአንድ አጠፋች። የሺ ላይ ስትደርስም እንደ ሌሎቹ አጥፍታ አለፈች፤ ይህን ኋላ ላይ ራሷ ተናግራዋለች። ወረቀቱ ኮምፒውተር ላይ ከገባ በኋላ መቼ እንደሚወገድ የሚያዘውን የኮሌጁን ደንብ በእንግሊዝኛም በአማርኛም የጻፈችው እሷ ናት፤ ስምና ቁጥሩን የሚያገናኘውን ዝርዝርም በደንቡ መሠረት ለአቶ ደሳለኝ አስረከበች።

የመጨረሻው ገጽ ላይ መሞላት ያለበት አንድ ጥያቄ ቀረ። «መረጃው እንዴት ተሰበሰበ?» ይላል። «ፊት ለፊት በተደረገ ቃለ መጠይቅ» ብሎ መጻፍ ነው። ይህን አንድ መስመር ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት አልጻፈችውም። ከምሳ በኋላ፣ «ከአንድ ቀበሌ የመጡ ስልሳ አንድ መልሶች በአካል ያልተሰበሰቡ ናቸው፤ ቢያንስ አንዱ ሐሰት መሆኑ ይታወቃል» ብላ ጻፈች፤ አትማም ለዲኑ ሰጠች።

በማግሥቱ ከኮሌጁ ጀርባ፣ የተግባር ክሊኒኩ ቆሻሻ በሚቃጠልበት ጉድጓድ ሦስቱ ጆንያዎች ተቃጠሉ። አቶ ደሳለኝ ደንቡን ጠቅሶ ነበር ያዘዘው። ስምና ቁጥር የሚያገናኘው ዝርዝርም ከኮምፒውተር ጠፋ።

ዲኑም ነገሩን የሚያይ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጠራ። ምስክር ያላት መስሏት ለአልጣሽ ደወለች። ስልኩ ላይ ብዙ አላብራራችም፤ «የየሺን ነገር የሚጠይቁሽ ሰዎች አሉ፣ ነይ» አለቻት። አልጣሽ ወገዳ ድረስ በእግር ወርዳ፣ በማግሥቱ አውቶቡስ ይዛ መጣች። ፈትለወርቅ ያን ጊዜ ነው ቁጭ አድርጋ የነገረቻት። አልጣሽ ጉዳዩን ሁለት ጊዜ አስደግማ ሰማች፤ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እሺ፣ ልናገር» አለች።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ዲኑ፣ አቶ ደሳለኝና አንዲት የነርስ መምህርት ናቸው። ቃለ ጉባኤ ያዡ ስማቸው ነው። አልጣሽን ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደር ላይ አስቀምጠው ከሰዓት በኋላ አስገቧት።

«እናቴ፣ ልጅዎ የሞተችበት የምስክር ወረቀት ይዘዋል?» አላት ዲኑ።

«የምን ወረቀት?»

«መሞቷን የሚያረጋግጥ። ከቀበሌ የሚሰጥ።»

«ቀብሬያታለሁ» አለች አልጣሽ። «አባ ገብረ ሥላሴ ፈትተዋታል። መቃብሯ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው። ሂዱና እዩ።»

«ያ ለኛ ማስረጃ አይሆንም። ደግሞ ወረቀቱ ላይ የነበረችው የእርስዎ ልጅ መሆኗን በምን እናውቃለን?»

«ስሟ አለ አይደል እንዴ?»

«ስም የለም» አለ አቶ ደሳለኝ። «ፋይሉ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው።»

«ማን አጠፋው?»

«ባለሙያዋ ናታ። ሥራዋ ነው።»

አልጣሽ ዞራ እህቷን አየቻት። ፈትለወርቅ ጉልበቷን እያየች ነበር። የነርስ መምህርቷ ብርጭቆ ውኃ ለአልጣሽ ገፋ አደረገችላት፤ አልጣሽ አልነካችውም።

«ማነው ደህና ናት ብሎ የጻፈው?» አለች።

ስማቸው አንገቱን ደፍቶ ይህንኑ ጥያቄ ቃለ ጉባኤው ላይ ሊጽፍ ጀምሮ፣ ዲኑን ቀና ብሎ አየውና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አልጣሽን አመስግነው አስወጧት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ፈትለወርቅ ዞረ። ክሱ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር።

«የጥናቱን ተሳታፊ ስም ከኮሌጁ ውጭ ላለ ሰው ተናግረሻል ወይስ አልተናገርሽም?» አላት ዲኑ።

«ተናግሬያለሁ። እናቷ ናት።»

«ደንቡ እናት ይላል?»

«አይልም።»

«ደንቡን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጥሰሽዋል?»

«ጥሻለሁ» አለች።

ይህችው ቃል ተመዘገበች። ለማኅበሩም በኢሜይል ተላከች። ማኅበሩ ባጭሩ መለሰ፤ የታማሚን ምስጢር ያወጣ ሰው ለሰርተፍኬቱ መቅረብ አይችልም፣ ለአምስት ዓመትም እንደገና ማመልከት አይችልም። ስለ ስልሳ አንዱ ቅጽ ራሷ የላከችለትን ግን የምርምር ኃላፊው እንዲያጣራ ወደ ኮሌጁ መልሶ ላከው።

አልጣሽን ልትሸኝ መናኸሪያ አብራት ሄደች። አውቶቡሱ እስኪሞላ በረንዳው ላይ ቆሙ።

«ወረቀቱን ካየሽው ስንት ቀን ሆነሽ?» አለች አልጣሽ።

«እታለም...»

«ስንት?»

«አሥራ ሁለት ቀን ያዝኩት። ከዚያ ነው ለዲኑ የሰጠሁት።»

«አሥራ ሁለት ቀን ምን ስትሠሪ?»

አልጣሽ ያመጣችላትን የሽሮ ከረጢት ከጀርባዋ ፈትታ መሬት ላይ አኖረችላት፤ ሳትስማት አውቶቡሱ ውስጥ ገባች።

ከቤተ መጻሕፍቱ አነሡአት። የተግባር ክሊኒኩ አንሶላና ብርድ ልብስ የሚቀመጥበት መጋዘን ሰጧት። ቁልፉን ስታስረክብ ዲኑ፣ «ደብተሮቹንም» አላት። በኮሌጁ ሥራ ሰዓት የተጻፉ ናቸውና የኮሌጁ ንብረት ናቸው። ስድስቱንም ደብተር ስማቸው ተረከበ። የእጅ ጽሑፏ ያማረ ነው፣ ማብራሪያዋም ጥሩ ነው፤ እሱ በሷ ቦታ ተመዝግቦ ትምህርቱን በአምስት ወር ጨርሶ ፈተናውን በአንድ ጊዜ አለፈ። የማጠቃለያ ሥራው ያው የአቶ ደሳለኝ ጥናት ሆነ፤ «መረጃው እንዴት ተሰበሰበ?» የሚለውን መስመር ሞልቶ አስገባ። ሰርተፍኬቱ በመስተዋት ታቅፎ ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ በምረቃው በዓል ላይ ዲኑ እጁን ይዞ ፎቶ ተነሣ። ፈትለወርቅ በዚያ ቀን ለእንግዶቹ የጠረጴዛ ልብስ አውጥታ ቆጥራ ሰጠች።

ጽሑፉም ታተመ። በዚያ በስማዳ ቀበሌ በቤት የሚወልዱ እናቶች ከተገመተው በላይ ደህና ናቸው ይላል። እናቶች ቀናቸው ሲደርስ መጥተው የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ ቤት እዚያ ሊሠራ ያሰበ አንድ የተራድኦ ድርጅት ነበር፤ ጽሑፉን አነበበና ችግሩ ወደ በዛበት ሌላ ቦታ አዞረው። ወንዙን ሳይሻገሩ ማረፊያ የሚሆን ቤት ነበር። ድንጋዩ እንኳ ተከምሮ ነበር፤ ሰዉ ለአጥር ወሰደው።

በጥር የዓመት ዕረፍቷን ይዛ ፈትለወርቅ አገሯ ሄደች። አልጣሽ ቤት አላደረችም፤ አባ ገብረ ሥላሴ ናቸው ያሳደሯት። በዚያ ክረምት የወለዱት ሴቶች የት የት እንዳሉ መንደሩ ያውቃል፤ ወንዙ በጋ ሆኖ ጎድሏልና በእግሯ ቤት ለቤት ዞረች። አንድ የማታውቀው ባል በር ላይ ቆሞ አስተናገዳት።

«የጤና ሰው ነሽ?»

«ነኝ።»

«ያን ጊዜ የት ነበራችሁ?»

«ወንዙ...» አለች።

«ወንዙንማ እኔም አውቀዋለሁ። ሬሳዋን ይዤ ዳሩ ላይ አድሬያለሁ» አለና በሩን ዘጋው።

አርባ ዘጠኝ ቤት ደረሰች። ከየሺ ሌላ ሦስት እናቶች ሞተዋል፤ የሞቱት ሕፃናት አሥራ አንድ ናቸው። አባ ገብረ ሥላሴ ሙታኑን የፈቱበትን ቀን ከራሳቸው መዝገብ እያነበቡላት ከእሷ ዝርዝር ጋር አስተያዩ። «ልጄ፣ ይህን ለማን ትሰጭዋለሽ?» አሏት። ጽሑፉን ላሳተመው መጽሔት ላከችው። መጽሔቱ በሦስተኛው ወር መለሰ፤ ሰዎቹን ለመጠየቅ የትኛው ኮሚቴ ፈቀደልሽ፣ ፈቃድ ከሌለሽ ያደረግሽው ራሱ ጥፋት ነው፣ አናየውም አላት።

ስማቸው ሰርተፍኬቱን ይዞ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ አገኘና ሄደ። ቤተ መጻሕፍቱን የሚከፍተው ሰው ጠፍቶ አንድ መንፈቅ ተዘግቶ ከረመ። ዲኑ መጋዘኑ በር ላይ መጥቶ ቁልፉን ዘረጋላት።

«በድሮው ማዕረግሽ ነው» አላት። «የመረጃ ባለሙያነቱን ለጊዜው አንጠራውም።»

አርባ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ሌላ ሥራ አታውቅም። ቁልፉን ወሰደች። ገብታ መስኮቱን ስትከፍት ከታችኛው መደርደሪያ ያሉትን መጻሕፍት አይጥ በልቷቸው ነበር። ተንበርክካ የተበሉትንና ያልተበሉትን ለየች፤ ሁለት ቀን ወሰደባት።

ከአልጣሽ ጋር ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተገናኝተዋል፤ ሁለቱም ለቅሶ ላይ ነው። መጀመሪያ ጊዜ አልጣሽ ከሩቅ ሰላም አለቻት። ሁለተኛ ጊዜ ፈትለወርቅ አጠገቧ ልትቀመጥ ስትል፣ አልጣሽ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣችና ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ሄዳ ተቀመጠች።